ሊቲየም ያላት ሀገር ባትሪ ትሠራለች? የቦሊቪያ ረጅም መንገድ

በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነጭ የጨው ሜዳ ተዘርግቶ ይገኛል። ሳላር ደ ኡዩኒ ይባላል፤ የቦሊቪያ ነው። የአፋርን የጨው ሜዳ ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በዚያም የአካባቢው ሰዎች ጨው እየቆረጡ ይሸጣሉ። ልዩነቱ የእኛው ከባሕር ጠለል በታች ሲሆን ያኛው ከአዲስ አበባ እንኳ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው። ከዐይን የተሰወረ ሌላ ነገርም አለ። ከጨው ቅርፊቱ ሥር ባለው ጨዋማ ውኃ ውስጥ፣ ለኤሌክትሪክ መኪናና ለእጅ ስልክ ባትሪ የሚፈለገው ሊቲየም ሟሙቶ ተቀምጧል።

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በቦሊቪያ ያለውን የሊቲየም ሀብት 23 ሚሊዮን ቶን ይገምተዋል። ሀገሪቱ በዚህ መጠን ከጎረቤቷ ከአርጀንቲና ጋር የዓለምን ዝርዝር አናት ይዛለች። በ2024 በመላው ዓለም ከመሬት የወጣው ሊቲየም ግን 240,000 ቶን ገደማ ሲሆን የቦሊቪያ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቦሊቪያ መንግሥት ሊቲየምን ከማውጣት አልፎ በሀገር ውስጥ ባትሪ ሠርቶ ለዓለም ለመሸጥ ዕቅድ የነደፈው በ2008 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕፃን ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚጨርስበት ጊዜ አልፏል።

ጥያቄው ቦሊቪያን ብቻ የሚመለከት አይደለም። «በሀገራችን ከፍተኛ የሊቲየም ክምችት ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ከልዩ ልዩ ሀገራት ይሰማል፤ ከኢትዮጵያም ተሰምቷል። በዜናውና በባትሪው መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ርቀቱን ለመለካት ከቦሊቪያ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሊቲየም በባትሪ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሊቲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው ስዊድናዊው ኬሚስት ዮሃን ኦገስት አርፍቬድሶን ነው፤ ዘመኑም 1817። ከድንጋይ ውስጥ በመገኘቱ «ድንጋይ» ከሚለው የግሪክ ቃል ስም ወጣለት። ከብረታ ብረት ሁሉ ቀላሉ እርሱ ነው፤ ክብደቱ በተመሳሳይ መጠን ካለ ውኃ ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ አንዱን ኤሌክትሮኑን ያለ ብዙ ትግል አሳልፎ ይሰጣል። ባትሪ ሠሪዎች የሚፈልጉት እነዚህን ሁለት ጠባዮች ነው።

የሊቲየም ባትሪ ሁለት ዳርቻዎች አሉት። አንደኛው ካቶድ ይባላል፤ ሊቲየም ከብረትና ከፎስፌት ጋር፣ ወይም ከኒኬል፣ ከማንጋኒዝና ከኮባልት ጋር ተዋሕዶ የሚቀመጥበት ነው። ሁለተኛው አኖድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከግራፋይት ነው። በመካከላቸው አዮኖችን የሚያሳልፍ ፈሳሽና ሁለቱ ዳርቻዎች እንዳይነካኩ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም አዮኖች ከካቶዱ ወጥተው በፈሳሹ ውስጥ ያልፉና በግራፋይቱ ንብርብሮች መካከል ይሰገሰጋሉ፤ ኤሌክትሮኖች ደግሞ በውጭው ሽቦ ዞረው ይደርሳሉ። መኪናው ሲነዳ ጉዞው ይገለበጣል፤ በሽቦው የሚመለሱት ኤሌክትሮኖች ሞተሩን ያዞራሉ። ሊቲየሙ በዚህ ሁሉ አይቃጠልም፣ አያልቅም። እየተመላለሰ ያገለግላል እንጂ። ይህን አሠራር ለዚህ ያደረሱት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፣ በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ማስታወስ ይጠቅማል። ለአንድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚያስፈልገው ሊቲየም ስምንት ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ባትሪው ራሱ ግን ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ከቀሪው ውስጥ ግራፋይት፣ መዳብ፣ አልሙኒየም፣ ብረት፣ ፎስፌት ወይም ኒኬልና ልዩ ልዩ ኬሚካል ይገኛል። ስለዚህ ሊቲየም ያላት ሀገር ከባትሪው ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉን ይዛለች ማለት ነው። ያለዚያ ሁለት እጅ ባትሪው አይሠራም፤ ሌላው 98 እጅ ግን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

አዝመራና ጎተራ

በአማርኛ ዜናዎች «የማዕድን ክምችት» የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቆ ይይዛል። የማዕድን ባለሙያዎች ግን ይለዩአቸዋል። የመጀመሪያው ሀብት ነው፤ በምድር ውስጥ እንዳለ የሚገመት፣ ወደፊት ሊወጣ ይችላል ተብሎ የሚታሰብ መጠን። ሁለተኛው እውነተኛው ክምችት ነው፤ ዛሬ ባለው ቴክኖሎጂ፣ ዛሬ ባለው ዋጋ፣ ዛሬ ባለው ሕግ አውጥቶ ቢሸጡት ትርፍ እንደሚያስገኝ በጥናት የተረጋገጠ መጠን። ገበሬ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ በማሳ ላይ የቆመ አዝመራና ጎተራ የገባ እህል አንድ አይደሉም። በመካከላቸው በረዶ አለ፣ አንበጣ አለ፣ የአጨዳ ጉልበት አለ።

የአሜሪካው ተቋም የቦሊቪያን 23 ሚሊዮን ቶን የሚመዘግበው በሀብት ዓምድ ሥር ነው። በክምችት ዓምድ ሥር ለቦሊቪያ የሰፈረ ቁጥር የለም። ጎረቤቷ ቺሊ ግን 11 ሚሊዮን ቶን ሀብት ይዛ፣ ከቦሊቪያ ግማሽ ባልሞላ መጠን ማለት ነው፣ 9.3 ሚሊዮን ቶን ክምችት ተመዝግቦላታል፤ ይህም በዓለም ትልቁ ነው። የሁለቱ ሀገራት የጨው ሜዳዎች በአንድ የተራራ ሰንሰለት ላይ የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ፀሐይ፣ ዝናብና ማግኒዝየም

ሊቲየምን ከጨዋማ ውኃ ለማውጣት የቆየው ዘዴ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ውኃው በፓምፕ ተስቦ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ ይሰጣል፤ ፀሐይና ነፋስ ያተኑታል። ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ ጨዎቹ በየተራ ይረጋሉ። መጀመሪያ የምግብ ጨው፣ ቀጥሎ ለማዳበሪያ የሚሆነው የፖታሲየም ጨው ይወርዳል። ሊቲየሙ እስከ መጨረሻው በፈሳሹ ውስጥ ይቆያል። ከ12 እስከ 18 ወራት ከፈጀ ትነት በኋላ የቀረው ወፍራም ፈሳሽ ወደ ፋብሪካ ገብቶ በሶዳ አሽ ይታከምና ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ዱቄቱ ሊቲየም ካርቦኔት ነው። ለባትሪ ለመዋል ንጽሕናው 99.5 በመቶ መድረስ አለበት።

በቺሊው አታካማ በረሃ ይህ ዘዴ ተሳክቷል። አታካማ ከምድራችን እጅግ ደረቅ ስፍራዎች አንዱ ነውና ፀሐይዋ ሥራዋን ሳታቋርጥ ትሠራለች። በኡዩኒ ግን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ዝናብ ይጥላል። በዚያ ወቅት ውኃ የተኛበት የጨው ሜዳ ሰማይን እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ ከየዓለሙ ጎብኚዎች ይጎርፉለታል። ለጎብኚ ደስ የሚያሰኘው ዝናብ ለኬሚስቱ ሐዘን ነው፤ ወራት ሙሉ የተነነውን ውኃ መልሶ ይሞላዋል። በከፍታው የተነሣ አየሩ ቀዝቃዛ በመሆኑም የኡዩኒ የትነት መጠን ከአታካማው በእጅጉ ያንሳል።

ከዝናቡ የከፋው ግን ማግኒዝየም ነው። ማግኒዝየምና ሊቲየም በጨዋማ ውኃ ውስጥ ጠባያቸው ስለሚመሳሰል መለየታቸው አስቸጋሪ ነው። በአታካማ ለአንድ እጅ ሊቲየም ስድስት እጅ ያህል ማግኒዝየም አለ። በኡዩኒ ለአንድ እጅ ሊቲየም የሚገኘው ማግኒዝየም ወደ 20 እጅ ይጠጋል። ይህን ለማስወገድ ብዙ ኖራ መጨመር ያስፈልጋል፤ ኖራው ገንዘብ ይፈልጋል፣ የሚቀረው ዝቃጭ መጣያ ይፈልጋል፣ ከዝቃጩም ጋር ብዙ ሊቲየም አብሮ ይጠፋል። ስለ ቦሊቪያ ሊቲየም ብዙ የፖለቲካ ትንታኔ ተጽፏል። ይህን የኬሚስትሪ ችግር የማይጠቅስ ትንታኔ ግን ታሪኩን ከመሀሉ ጀምሮታል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ለመውጣት ተስፋ የተጣለበት አዲሱ መንገድ ሊቲየምን ያለ ኩሬ በቀጥታ መለየት ነው። ጨዋማው ውኃ ሊቲየምን ብቻ መርጦ በሚይዝ ቁስ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ቁሱ በንጹሕ ውኃ ወይም በአሲድ ሲታጠብ ሊቲየሙን ይለቃል። የተረፈው ጨዋማ ውኃ ወደ መሬት ሊመለስ ይችላል። ሥራው ከዓመት ወደ ሰዓታት ያጥራል፣ ዝናብም አያስቆመውም። ነገር ግን ኤሌክትሪክና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ የጨው ሜዳም እንደ ውኃው ጠባይ እየተስተካከለ መሠራት አለበት። በኡዩኒ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ኪኑዋ የተባለውን እህል የሚያመርቱና ላማ የሚያረቡ ናቸው። አካባቢያቸው ደረቅ በመሆኑ «ንጹሕ ውኃ» የሚለው ቃል በእነርሱ ጆሮ ሌላ ትርጉም አለው።

ፖቶሲ የማትረሳው

የኡዩኒ የጨው ሜዳ በአብዛኛው የሚገኘው ፖቶሲ በተባለው ግዛት ውስጥ ነው። ስሙ በዓለም ታሪክ የታወቀ ነው። እስፓኞች በ1545 ሴሮ ሪኮ በተባለው ተራራ ላይ ብር ማውጣት ጀመሩ፤ በሺሕ የሚቆጠሩ የሀገሬው ተወላጆች በግዳጅ ወደ ጉድጓዱ ተላኩ፤ ብሩ ለእስፓኝ መንግሥት ግምጃ ቤት ዋነኛ ምንጭ ሆነ። ተራራው ዛሬም በማዕድን ቆፋሪዎች እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይታያል። ፖቶሲ ግን ከቦሊቪያ ድሃ ግዛቶች አንዷ ናት። የዚያ አካባቢ ሰው «የውጭ ኩባንያ ማዕድናችሁን አውጥቶ ያበለጽጋችኋል» ሲባል የሚጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥርጣሬው በሊቲየም ላይ መጀመሪያ የታየው በ1990ዎቹ ነው። በ1992 መንግሥት ሊትኮ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የኡዩኒን ሊቲየም ለማውጣት ተፈራረመ። በፖቶሲ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ ውሉ በቀጣዩ ዓመት ፈረሰ፤ ኩባንያውም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አርጀንቲና ተሻገረ። በዚያ ኦምብሬ ሙዌርቶ በተባለ የጨው ሜዳ ላይ ሥራ የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነበር። የተጠቀመበትም ዘዴ ሊቲየምን መርጦ በሚይዝ ቁስ መለየትን ይጨምራል። ቦሊቪያ ለዚሁ ዓይነት ቴክኖሎጂ ዓለም አቀፍ ጥሪ ያቀረበችው በ2021 ነው።

ኤቮ ሞራሌስ በ2006 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አዲስ አቅጣጫ ይዘው መጡ። ሊቲየም በጥሬው አይሸጥም፤ ማውጣቱንና ማጣራቱን መንግሥት ራሱ ይመራዋል፤ የውጭ ኩባንያ ቢገባ እንኳ ባትሪ ለመሥራት ነው። ሐሳቡ ለሰሚው የሚማርክ ነበር፤ ከብሩ ታሪክ በኋላ ደግሞ የሚገባ ነበር። በ2013 የሊቲየም ካርቦኔት መሞከሪያ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ከፖቶሲ ከተማ አጠገብ በላ ፓልካ፣ ከቻይና በመጡ መሣሪያዎች የባትሪ መሞከሪያ ፋብሪካ ተመረቀ። በ2017 ደግሞ «የቦሊቪያ የሊቲየም ክምችቶች» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ።

ለትልቁ ምዕራፍ የተመረጠው አሲአይ ሲስተምስ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነበር። በታኅሣሥ 2018 የጋራ ድርጅት ለመመሥረት ስምምነት ተፈረመ፤ ዓላማው ከኩሬዎቹ ከሚተርፈው ፈሳሽ ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ማምረት፣ ከዚያም ባትሪ መሥራት ነበር። ዘመኑ 70 ዓመት ነው። የፖቶሲ ሰዎች ለግዛታቸው የሚደርሰው የማዕድን ክፍያ ሦስት በመቶ መሆኑን ሲሰሙ አደባባይ ወጡ፤ የረኀብ አድማና የመንገድ መዝጋት ተከተለ። መንግሥት በኅዳር 2019 መጀመሪያ ውሉን ሰረዘው። ከሳምንት በኋላ ሞራሌስ ራሳቸው ከሥልጣን ወረዱ።

ሞራሌስ የወረድኩት በሊቲየሙ ምክንያት በተሸረበ ሤራ ነው ብለዋል፤ ይህ አባባል በብዙ ቋንቋ ተሰራጭቷል። የጊዜውን ሁኔታ የተከታተለ ሰው ግን የቀውሱ እምብርት በጥቅምት የተካሄደው አወዛጋቢ ምርጫ እንደነበር ያስታውሳል። ውሉንም ያስፈረሰው የራሷ የፖቶሲ ሕዝብ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንት ልዊስ አርሴ ወደ አዲሱ ዘዴ ዞሩ። በጥር 2023 ካትል የተባለው ታላቁ የቻይና ባትሪ አምራች ከሚገኝበት ቡድን ጋር፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የሩሲያ መንግሥት የኑክሌር ድርጅት አካል ከሆነው ከዩራኒየም ዋን ጋር ስምምነቶች ተፈረሙ። በታኅሣሥ 2023 በዓመት 15,000 ቶን ሊቲየም ካርቦኔት እንዲያመርት የታቀደ ፋብሪካ ተመረቀ፤ የሚያመርተው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በ2024 ከሁለቱ ኩባንያዎች ጋር የተፈረሙት ትልልቅ ውሎች በምክር ቤቱ ውስጥ ጠብ አስነሡ፤ የጨው ሜዳው ነዋሪዎችም ምክክር አልተደረገልንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ውሎቹ ሳይጸድቁ የአርሴ ዘመን አለቀ፤ በኅዳር 2025 ሮድሪጎ ፓስ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥልጣን ያዙ።

ዱቄቱ ቢኖርስ?

አሁን ሁሉም ተሳክቷል እንበል። ማግኒዝየሙ ተለይቷል፣ ፖቶሲ ተስማምታለች፣ ነጩ ዱቄት በከረጢት ታሽጎ ተደርድሯል። ከዚህ በኋላ ባትሪው ይከተላል?

ዓለምን ዞር ብለን ብናይ መልሱ ግራ ያጋባል። በዓለም ቀዳሚዋ ሊቲየም አውጪ አውስትራሊያ ናት፤ በ2024 ብቻ 88,000 ቶን ገደማ አውጥታለች። ባትሪ ግን እዚህ ግባ የሚባል አትሠራም፤ ማዕድኑ አብዛኛው ወደ ቻይና ይጫናል። ቺሊ ሁለተኛ ናት፤ እርሷም በባትሪ ስሟ አይጠራም። በአንጻሩ ደቡብ ኮሪያና ጃፓን የሚጠቀስ የሊቲየም ማዕድን ሳይኖራቸው ከዓለም ታላላቅ ባትሪ ሠሪዎች መካከል ናቸው። ለገበያ የቀረበውን የመጀመሪያውን የሊቲየም አዮን ባትሪ ያወጣው በ1991 የጃፓኑ ሶኒ ነበር። ዛሬ ከዓለም ባትሪ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን የምትሠራው ቻይና ራሷ ከውጭ በምታስገባው ሊቲየም ላይ በእጅጉ ትመካለች።

ምክንያቱ ፋብሪካው ውስጥ ሲገቡ ይገለጣል። ካርቦኔቱ በመጀመሪያ ከሌሎች ማዕድናት ጋር በከፍተኛ ሙቀት ተጋግሮ የካቶድ ዱቄት መሆን አለበት። ዱቄቱ በልክ ተለውሶ ከፀጉር በቀጠነ የአልሙኒየም ፎይል ላይ ይቀባል፤ የአኖዱ ግራፋይት በመዳብ ፎይል ላይ። ሊቲየም ከርጥበት ጋር ስለማይስማማ ፈሳሹ የሚጨመርበትና ሴሉ የሚታሸግበት ክፍል አየሩ ከበረሃ አየር እጅግ የደረቀ መሆን ይገባዋል። በአንዲት ሴል ውስጥ የገባች ኢምንት የብረት ብናኝ በኋላ እሳት ልታስነሣ ትችላለች። በዚህ ሥራ የተዋጣላቸው ፋብሪካዎች በቀን የሚሠሩት ሴል በመቶ ሺሕዎች ይቆጠራል፤ ትርፋቸውም የሚመጣው ከሚጣለው ማነስ ነው። ይህ ዕውቀት የሚገኘው ለዓመታት እየሠሩ፣ እያበላሹ፣ እያረሙ ነው። የላ ፓልካው መሞከሪያ ወጣት መሐንዲሶችን አሠልጥኗል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዋጋ ከግዙፎቹ ጋር ሊፎካከር ግን አይችልም።

ገበያም ያስፈልጋል። ቦሊቪያ 12 ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ያላት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በቺሊ ጦርነት የባሕር በሯን ያጣች ሀገር ናት። በኮቻባምባ ከተማ ኳንተም የተባለ ኩባንያ ከ2019 ጀምሮ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይሠራል፤ ነገር ግን መንግሥት ቤንዚን ለብዙ ዓመታት በድጎማ እያረከሰ ሲሸጥ ስለቆየ የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ብዙ አልነበረም።

የዋጋው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በ2022 መጨረሻ በቻይና ገበያ የአንድ ቶን ሊቲየም ካርቦኔት ዋጋ ወደ 80,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። በ2024 ከዚያ ስምንት እጅ አንዱ ያህል ወርዶ ታየ። በውድ ዘመን የታቀደ ፋብሪካ በርካሽ ዘመን ተመርቆ ከሆነ ባለቤቱ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ዚምባብዌና ኬንቲቻ

በአፍሪካ ይህን መንገድ ቀድማ የጀመረችው ዚምባብዌ ናት። በ2024 በ22,000 ቶን ገደማ ከዓለም አራተኛ ሆናለች። የእርሷ ሊቲየም በጨዋማ ውኃ ውስጥ ሳይሆን በጠንካራ ዐለት ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 2022 ያልተቀነባበረ ማዕድን ከሀገር እንዳይወጣ ከለከለች፤ የቻይና ኩባንያዎች ማዕድኑን ፈጭተው የሚያጣሩ ፋብሪካዎችን በዚያው ተከሉ። በ2025 ደግሞ የተፈጨውና የተጣራውም ማዕድን ከጥር 2027 ጀምሮ እንደሚከለከል አስታወቀች፤ ኩባንያዎቹ ቀጣዩን ደረጃ፣ ሊቲየም ሰልፌትን፣ በሀገር ውስጥ እንዲያመርቱ ለመገፋፋት ነው። ባትሪ ዛሬውኑ እንሥራ ሳትል አንድ ደረጃ ወጥታ ቀጣዩን መጠየቋ ከቦሊቪያው አካሄድ ይልቅ የሚሆን ይመስላል። ውጤቱ ገና ነው።

የኢትዮጵያም ሊቲየም እንደ ዚምባብዌ በዐለት ውስጥ ያለ ነው። በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ዞን የሚገኘው ኬንቲቻ ለረጅም ዓመታት ታንታለም ሲወጣበት የቆየ ስፍራ ሲሆን፣ ታንታለሙን የያዘው ዐለት ስፖዱሚን የተባለውን የሊቲየም ማዕድንም ይዟል። ስለዚህ የኡዩኒ ማግኒዝየምና ዝናብ የእኛ ችግር አይደሉም። የእኛ ሌላ ነው።

ስፖዱሚን ከዐለቱ ተለይቶ ሲጣራ በዓለም ገበያ የተለመደው ደረጃ ስድስት በመቶ የሊቲየም ኦክሳይድ የያዘ ዱቄት ነው። ወደ ንጹሕ ሊቲየም ሲሰላ በአንድ ቶን ዱቄት ውስጥ የሚገኘው 28 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል። ሌላው 972 ኪሎ ግራም ከሊቲየም ጋር የሚጓዝ ድንጋይ ነው። ከጉጂ እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዱቄቱን በጥሬው የመላክ ትርጉሙ ድንጋይን በነዳጅ ተሸክሞ ተራራ ማውረድ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘጉት ከወደብ የራቁት ማዕድን ማውጫዎች ናቸው።

ሌላው ምርጫ ቢያንስ ካርቦኔቱን ወይም ሰልፌቱን በሀገር ውስጥ መሥራት ነው። ለዚህም ስፖዱሚኑ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ተጠብሶ፣ በሰልፈሪክ አሲድ ተዘፍዝፎ፣ በውኃ መታጠብ አለበት። ሙቀቱ ኃይል ይጠይቃል፤ በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ስለዚህ ክርክሩ ከባዶ አይነሣም። ከአሲድ የሚተርፈውን ዝቃጭ የት እንደሚጥሉት፣ ለጉጂ ነዋሪ ከገቢው ስንት እንደሚደርሰው፣ ውሉን ማን እንደሚያነበው ግን ከግድቡ ኃይል ጋር የሚመጡ መልሶች አይደሉም። የፖቶሲ ሰዎች በ2019 መንገድ የዘጉት በእነዚሁ ጥያቄዎች ነበር።

አንድ ነገር ኢትዮጵያን ከቦሊቪያ የሚለያት አለ። ገበያው እየተፈጠረ ነው። መንግሥት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ አግዷል፤ ለቤተሰቡ መኪና ለመላክ ያሰበ በውጭ የሚኖር ወገናችን ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኞቹ ከቻይና ሲሆኑ ባትሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ይህም የማይታይ ማዕድን ነው። መቶ ሺሕ መኪና በስምንት ኪሎ ግራም ቢሰላ 800 ቶን ሊቲየም ይሆናል፤ ከዐለት መፈልፈል፣ ከማግኒዝየም መለየት የማያስፈልገው፣ ከመዳቡና ከግራፋይቱ ጋር ወደብ አልፎ ቤት የገባ። ባትሪዎቹ እንደ አያያዛቸው ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላሉ፤ ከመኪና ከወረዱም በኋላ የፀሐይ ኃይል ለማጠራቀም ሊውሉ ይችላሉ። ከዚያ ተሰባብረው ማዕድኑ የሚለይበት ፋብሪካ ግን ከወዲሁ ካልታሰበበት፣ የመጀመሪያዎቹ ያረጁ ባትሪዎች የሚያርፉት በየጋራዡ ጓሮ፣ ዝናብ በሚመታቸው ቦታ ይሆናል።